ጥፋቱ የካርዱ ነው ወይስ የገመዱ?

ነፋስ ስልክ የተባለው ሰፈር ስሙን የወረሰው በቀድሞ ዘመን እዚያ ቆሞ ከነበረው የሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ጣቢያ ነው። ወሬ ያለ ሽቦ፣ ነፋስ ላይ እንደተሳፈረ ሁሉ፣ ከሩቅ አገር መድረሱ ያስደነቀው ሕዝብ ለጣቢያው ያወጣለት ስም ለሰፈሩ ቀረለት፤ ኋላም ከላፍቶ ጋር ተጣምሮ የክፍለ ከተማ መጠሪያ ሆነ። ዛሬ በዚሁ ክፍለ ከተማ፣ ከሳሪስ እስከ ጀሞ፣ ከጎፋ እስከ ለቡ፣ የኮምፒዩተር ባለቤት የሆነውን ወጣት እንቅልፍ የሚነሣው ግን ሽቦ ነው። ያውም ርዝመቱ ከአንድ ክንድ ብዙ የማይበልጥ ሽቦ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኮምፒዩተሩ ፓወር ሰፕላይ፣ ማለት ከግድግዳው የሚመጣውን 220 ቮልት ተቀብሎ ወደ 12፣ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት እያወረደ ለየክፍሉ የሚያድለው ሣጥን፣ አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ «ጧ» ብሎ ይሞታል። ባለቤቱ ከደመወዙ ቆጥቦ ወይም ከዘመድ ተበድሮ አዲስ ይገዛል። ካቻቢቴውን አንሥቶ አሮጌውን ይፈታል፤ አዲሱን ያስራል፤ ማብሪያውን ይጫናል። ፋኖቹ ይሽከረከራሉ፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ወይም ጭራሹን ምንም ነገር አይንቀሳቀስም። አለዚያም ደህና ይነሣና ከባድ ሥራ በተጀመረ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ድርግም ይላል። ያን ጊዜ ፍርዱ አይዘገይም፤ «ግራፊክስ ካርዱ ተቃጥሏል» ይባላል።

ይህ ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ ሳይመረመር የሚሰጥ ነው። በእርግጥ ሲሞት ሌላውንም ዕቃ ይዞ የሚሞት ፓወር ሰፕላይ አለ፤ ይህን መካድ አይቻልም። የሆነ ሆኖ የተለወጠው ነገር ኤሌክትሪክ ወደ ካርዱ የሚደርስበት መንገድ ነውና አስቀድሞ መመርመር ያለበትም መንገዱ ነው።

«ግራፊክስ ካርድ የጨዋታ ዕቃ አይደለምን? ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጨዋታውስ ቢሆን ምን ነውር አለበት! ነገር ግን ዛሬ የሕንፃ ንድፍ የሚማረው ልጅ የሣለው ቤት ከነጥላው ከነብርሃኑ እንዲታይለት፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብረው ወጣት ሥራውን በቀጠሮው ቀን እንዲያስረክብ፣ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪውም የሰው ሠራሽ አስተውሎትን ሙከራ በቤቱ እንዲሞክር የሚያስችለው ይኸው ካርድ ነው። ከኮምፒዩተሩም ክፍሎች ሁሉ ብዙውን ጊዜ ውዱ እርሱ ነው፤ ለጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ የብዙ ወር ደመወዝ ማለት ነው። እንግዲህ ደህናውን ካርድ «ሞቷል» ብሎ መጣል ቀላል ኪሣራ አይደለም።

ባለፈው ዓመት ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም የሚኖርና የሕንፃ ንድፍ የሚማር ልጅ፣ የመመረቂያ ሥራው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት ወደ እኔ መጣ። ፓወር ሰፕላዩን ለውጧል። ከዚያ ወዲህ ኮምፒዩተሩ አልነሣ ብሏል። የወሰደበትም ሱቅ ካርዱ መቃጠሉን ነግሮት፣ ከፈለገ ለመለዋወጫ ያህል በትንሽ ገንዘብ እንደሚገዛው ጨምሮ ገልጾለታል።

«ቲቸር፣ ካርዱ ሲነቀል ኮምፒዩተሩ ይነሣል፤ ካርዱ ሲሰካ አይነሣም። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ አለ?» አለኝ።

ክርክሩ የሚረታ ይመስላል። እኔ ግን ክፍል ውስጥ ፊዚክስ ሳስተምር እንደምናደርገው «ካርዱ ሲነቀል አብሮት የሚነቀለው ሌላ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። አብሮት የሚነቀለውማ ገመዱ ነው። ሣጥኑን ከፍተን ስናይ ልጁ ሌሎቹን ገመዶች ሁሉ ከአዲሱ ፓወር ሰፕላይ ጋር በመጡት ለውጦ፣ የካርዱን ገመድ ብቻ ከአሮጌው አስቀርቶታል። ለምን ቢሉ፣ ከማዘርቦርዱ በስተጀርባ ዞሮ በሥርዓት ታስሮ ስለነበር ማፍረሱ አሳዘነው። ገመዱም በአዲሱ ሣጥን ቀዳዳ ውስጥ ያለ ምንም ችግር ገብቶለታል። የአዲሱን ገመድ ከካርቶኑ አውጥተን በቦታው ሰካነው፤ ኮምፒዩተሩ ተነሣ። የተቃጠለ ነገር አልነበረም።

አንባቢ ልብ ይበል፤ የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። ኢንቴል የተባለው ኩባንያ በ1995 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኤቲኤክስ የሚባለውን ሥርዓት ካወጣ ወዲህ፣ ገመዶቹ ወደ ኮምፒዩተሩ ክፍሎች በሚሰኩበት ጫፍ ላይ የትኛው ፒን 12 ቮልት፣ የትኛው 5 ቮልት፣ የትኛው ግራውንድ እንደሚሆን የታወቀ ደንብ አለ። ዛሬ ግን ብዙዎቹ ጥሩ ጥሩ ፓወር ሰፕላዮች ገመዳቸው በሁለቱም ጫፍ የሚነቀል ነው። በሣጥኑ በኩል ያለው ጫፍ ደግሞ አምራቾች ሁሉ የተስማሙበት ደንብ የለውም። እያንዳንዱ አምራች 12 ቮልቱንና ግራውንዱን በመሰለው ረድፍ ያስቀምጣል። ከዚህም በላይ አንዱ አምራች ራሱ ከሞዴል ሞዴል ይለዋውጠዋል፤ ኮርሴር የተባለው ኩባንያ ገመዶቹን «ታይፕ 3»፣ «ታይፕ 4» እያለ በቁጥር የሚለያቸው ስለዚሁ ነው። የፕላስቲኩ ቅርጽ ግን አንድ ሆኖ ይገኛል። ቀዳዳው ገመዱን ተቀበለ ማለት ገመዱ የእርሱ ነው ማለት አይደለም።

በተማሪዬ ኮምፒዩተር የሆነውም ይህ ነው። አዲሱ ሣጥን 12 ቮልት ያወጣበት ፒን በአሮጌው ገመድ በኩል አልፎ ካርዱ ላይ ከግራውንድ ጋር ተገናኘ፤ ሰዎች «ኮንታክት ፈጠረ» የምንለው ማለት ነው። ፓወር ሰፕላዩም ጥሩ ስለነበር ይህን ዐውቆ ራሱን ዘጋ። ካርዱ ሲነቀል የገመዱ ጫፍ ባዶውን ስለሚንጠለጠል ኮንታክቱ ይቀራል፤ ኮምፒዩተሩም ይነሣል። ካርዱን ጥፋተኛ ያስመሰለው ይኸው ነው።

ስሕተቱ በካርዱ ገመድ ላይ ሲሆን እንዲህ በሰላም ሊያልፍ ይችላል። በሃርድ ዲስክ ገመድ ላይ የሆነ እንደሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ 5 ቮልት ብቻ መቀበል የሚገባው መስመር 12 ቮልት ሲመጣበት ዲስኩ በአንድ ቅጽበት ይሞታል። ከዲስኩም ጋር የአራት ዓመት ሥራ ይሄዳል። በበኩሌ ከዚህ ሁሉ ነገር አንድ ብቻ እንዲታወስ ብመርጥ ይህን እመርጣለሁ፤ የአሮጌውን ፓወር ሰፕላይ ገመድ በአዲሱ ላይ አይሰኩ።

በነገራችን ላይ፣ ተመሳሳይ መስሎ መለያየት የቆየ ታሪክ አለው። ደል የተባለው ታዋቂ ኩባንያ በ1990ዎቹ መጨረሻ አካባቢ በሠራቸው ኮምፒዩተሮች ላይ የዋናውን ገመድ ጫፍ ከኤቲኤክሱ ጋር አንድ ዐይነት አድርጎ፣ የፒኖቹን ተራ ግን ለውጦት ነበር። ከገበያ የተገዛ ተራ ፓወር ሰፕላይ የሰካ ሰው ማዘርቦርዱን ሊያቃጥል ይችል ነበር።

ሌላም መንትያ አለ። ለፕሮሰሰሩ የሚሄደው ባለ 8 ፒን ገመድና ለካርዱ የሚሄደው ባለ 8 ፒን ገመድ ሲያዩአቸው አንድ ይመስላሉ። የፕሮሰሰሩ አራት አራት ሆኖ ለሁለት ይከፈላል፤ የካርዱ ለ6 እና ለ2 ይከፈላል። 12 ቮልቱና ግራውንዱ በሁለቱ ላይ የተገላቢጦሽ ናቸው። አምራቾቹ እንዳይሳሳቱ ብለው የፒኖቹን ቅርጽ ስለሚለያዩት አንዱ በሌላው ቦታ አልገባ ይላል፤ አልገባ ያለውን በጉልበት የሚገፋ ሰው ግን በየቦታው አለ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንለፍ። ተማሪዎቼ ለፈተና የሚሸመድዱት «ቮልት በአምፔር ሲባዛ ዋት ይሆናል» የሚለው ነገር ከዚህ የተሻለ መዋያ አያገኝም። ካርዱ ከተሰካበት ከማዘርቦርዱ ቀዳዳ እስከ 75 ዋት ድረስ ይስባል። ባለ 6 ፒን ገመድ ሌላ 75 ዋት ይጨምርለታል፤ ባለ 8 ፒኑ 150 ዋት። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የሚባለው የኤንቪዲያ ካርድ 75 ዋት ብቻ ስለሚፈልግ ብዙዎቹ ያለ ተጨማሪ ገመድ ይሠራሉ። ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር 125 ዋት፣ አርቲኤክስ 3060 ደግሞ 170 ዋት ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ገመዱ ግድ ነው። በባለ 8 ፒኑ ላይ ሁለት ፒኖች ኤሌክትሪክ ለማምጣት ሳይሆን «ገመዱ ደርሷል» ብለው ለካርዱ ለማስታወቅ የተመደቡ ናቸው። እነርሱን ያጣ ካርድ ሥዕል አላሳይ ይላል፤ ወይም ገመድ እንዲሰካለት የሚጠይቅ ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ ያወጣል፤ አንዳንዱም በገመዱ መሰኪያ አጠገብ ትንሽ መብራት ያበራል። ይህ ሁሉ የሞት ምልክት አይደለም፤ የረኃብ ምልክት ነው። ሁለት መሰኪያ ያለው ኀይለኛ ካርድ ከሆነም አንዱን ባለ ሁለት ራስ ገመድ ከማጋራት ይልቅ ሁለት ገመድ ለየብቻ መዘርጋት ይሻላል።

ድርግም የሚለውን ኮምፒዩተር በተመለከተ ደግሞ በሣጥኑ ጎን የተለጠፈውን ወረቀት ማንበብ ያስፈልጋል። በትልቅ ፊደል «600 ዋት» የተጻፈው ብዙም አያታልልዎ። ከታች በትንንሽ ፊደል በ12 ቮልት መስመር ስንት አምፔር እንዳለ ይፈልጉ። 18 አምፔር የሚል ቢሆን 18 በ12 ተባዝቶ 216 ዋት ነው። አርቲኤክስ 3060 ካርድ 170 ዋት፣ መካከለኛ ፕሮሰሰር 65 ዋት ሲስቡ ድምሩ 235 ዋት ይሆናል። እንግዲህ በዝግታ ሲሠራ ደህና የሚመስለው ኮምፒዩተር ንድፉን ማቅለም ሲጀምር ቢወድቅ ምን ይገርማል? ኤንቪዲያ ራሱ ለዚህ ካርድ 550 ዋት ያለው ፓወር ሰፕላይ እንዲሆን ይመክራል። ምክንያቱም ካርዱ ለቅጽበት ያህል ከተጻፈለት በላይ የሚስብበት ጊዜ አለ። በርካሽ ዋጋ የሚሸጠውና ሲያነሡት እንደ ባዶ ቆርቆሮ የሚቀለው ሣጥን በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ይሰጣል ብዬ አላምንም።

ካገለገሉ የቢሮ ኮምፒዩተሮች አንዱን ገዝቶ ካርድ ሊጨምርበት የሚያስብ ሰው የበለጠ መጠንቀቅ አለበት። እነዚህ የደልና የኤችፒ ሣጥኖች ለጽሕፈትና ለሒሳብ ሥራ የተሠሩ ናቸው፤ ፓወር ሰፕላያቸው ትንሽ ነው፤ ብዙዎቹም ለካርድ የሚሆን ገመድ የላቸውም፤ የመሰኪያቸውም ቅርጽ ከገበያው የተለየ ሆኖ ይገኛል። ያን ጊዜ ሻጩ ከዲስክ ገመድ ወደ ባለ 6 ፒን የሚቀይር ትንሽ ገመድ ያቀርባል። እርሱንም በሒሳብ እንየው። የሳታ ዲስክ ገመድ በ12 ቮልት ሊሸከም የሚገባው 4.5 አምፔር፣ ማለት 54 ዋት ነው፤ ባለ 6 ፒን የሚጠብቅ ካርድ ግን እስከ 75 ዋት ሊጠይቅ ይችላል። ትርፉ ሙቀት ይሆናል፤ ሙቀቱም ፕላስቲኩን ያቀልጣል።

አጎት ከአሜሪካ ሲመጣ ይዞልን የሚመጣው ዕቃም የራሱ ጣጣ አለው። እዚያ የግድግዳው ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ነው፤ እዚህ 220 ነው። አዳዲሶቹ ፓወር ሰፕላዮች አብዛኞቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ራሳቸው ዐውቀው ይቀበላሉ፤ ይህም በወረቀቱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። በቆዩትና በርካሾቹ ጀርባ ላይ ግን «115» እና «230» የሚል ትንሽ ቀይ ማንሸራተቻ አለ። «115» ላይ እንዳለ አዲስ አበባ ውስጥ የሰካው ሰው በአንድ ተኩስ ይሰናበተዋል። ገመዱም ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው የአሜሪካ ሶኬት ከሆነ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ባለው መቀየሪያ መሰካት ግራውንዱን ያሳጣል፤ ኮምፒዩተሩን ሲነኩ ለሚሰማው ንዝረት አንዱ ምክንያት እርሱ ነው። የእኛን አገር ሶኬት ያለው ገመድ በየሱቁ ይገኛልና እርሱን መግዛት ነው።

የገመድ ነገር ችላ የማይባል መሆኑን ዓለምም የተማረው በቅርቡ ነው። በጥቅምት 2022 ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4090 የተባለውን 450 ዋት የሚስብ ካርድ ሲያወጣ፣ በአንድ ትንሽ መሰኪያ እስከ 600 ዋት የሚያሳልፍ ባለ 16 ፒን ገመድ አብሮ መጣ። ብዙ ሳይቆይ በየአገሩ መሰኪያው ቀለጠብን የሚሉ ሰዎች ተነሡ። ኩባንያው በኅዳር ወር በሰጠው መግለጫ በመላው ዓለም 50 ያህል ጉዳዮች መድረሳቸውን ተናግሮ፣ በብዛት የታየው ምክንያት ገመዱ እስከ መጨረሻው ተገፍቶ አለመሰካቱ መሆኑን አስታወቀ። እርግጥ ነው፣ ሰው ብቻ ነው የተሳሳተው ለማለት ያስቸግራል፤ በ2023 መሰኪያው ተሻሽሎ ጠቋሚ ፒኖቹ እንዲያጥሩ፣ ገመዱም በደንብ ካልገባ ካርዱ ኤሌክትሪክ እንዳይስብ ተደርጓልና። በሚሊሜትር የሚቆጠር ክፍተት ያን ያህል ዋጋ ያለውን ዕቃ ማበላሸቱ ግን ያስደንቃል።

የቤታችንንም መብራት መርሳት አይገባም። አንዱን ዲቫይደር ለምጣድም ለኮምፒዩተርም የሚያካፍል ቤት ካርዱን አይውቀስ። ዩፒኤስ ያለው ሰውም «650 ቪኤ» የሚለውን እንደ ዋት መቁጠር የለበትም፤ እንዲህ ያለው ዩፒኤስ ብዙውን ጊዜ ከ400 ዋት አያልፍም። በተጨማሪም ርካሾቹ ዩፒኤሶች መብራት ሲጠፋ የሚሰጡት ኤሌክትሪክ ሞገዱ ልስልስ ያለ ስላልሆነ፣ አንዳንድ አዳዲስ ፓወር ሰፕላዮች አንቀበልም ብለው ይጠፋሉ። አዲሱን ከገዛሁ ወዲህ ዩፒኤሱ አላገለግል አለኝ የሚል ሰው ምክንያቱን ከዚህ ይፈልግ።

እንግዲህ ካርዱ እንቢ ያለ እንደሆነ በምን መጀመር ይገባል? ከሁሉ በፊት ከግድግዳው ይንቀሉት። ቀጥሎ የስክሪኑ ገመድ የተሰካው ካርዱ ላይ ነው ወይስ ማዘርቦርዱ ላይ? ሣጥኑን መልሶ ሲገጣጥም የስክሪኑን ገመድ ወደ ማዘርቦርዱ የሚሰካ ሰው ብዙ ነው፤ ከዚያ የባሰ በሽታ ሳይኖር ለጥገና ይከፍላል። ከዚያ ካርዱን ነቅለው ማቀፊያው «ቀጭ» እስኪል ድረስ መልሰው ይግፉት፤ ፓወር ሰፕላይ ሲለወጥ በክርን መነካቱ አይቀርም። ገመዱን ከካርዱ ጀምረው በጣትዎ እየተከተሉ እስከ ሣጥኑ ይድረሱ፤ ከአዲሱ ጋር የመጣ ነው? ለሁለት የተከፈለው ጫፍ፣ 6 እና 2 የሚሆነው፣ ተጋጥሞ ገብቷል? ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ካርዱን በቂ ኀይል ባለው የጓደኛ ኮምፒዩተር ላይ መሞከር ነው። እዚያ ከሠራ ካርዱ ነፃ ነው። እዚያም እንቢ ካለ ያን ጊዜ ማዘን ይቻላል። ቴስተር ያለው ሰው በከባድ ሥራ ላይ የ12 ቮልቱን መስመር ለክቶ ከ11.4 በታች ወይም ከ12.6 በላይ ካገኘው ጥፋቱ የሣጥኑ ነው። ሣጥኑን ራሱን ግን ማንም ሰው በቤቱ እንዳይከፍተው፤ ከግድግዳው ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

በአዲሱ ፓወር ሰፕላይ ካርቶን ውስጥ የተረፉትን ገመዶች በከረጢት አድርገው የሣጥኑን ስምና ሞዴል በወረቀት ጽፈው ይለጥፉባቸው። አሮጌው ወደ ምናለሽ ተራ የሚሸኝ ከሆነም ገመዶቹን አብረው ይላኩለት፤ በመሳቢያ ውስጥ ከቀሩ አንድ ቀን ታናሽ ወንድም አግኝቶ መሰካቱ አይቀርም።